ቅጠሉ ከፀጉሩ ይብቀል፦ ከግሪክ አፈ ታሪክ የፀጉር ጌጥ ስለመሥራት

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከሥራ መልስ የፀጉር ጌጥ እየሠራሁ ለጓደኞቼና በኦንላይን እሸጣለሁ። አሁን ከግሪክ አፈ ታሪክ የተነሣ አንድ ስብስብ መሥራት አማረኝ። በአምላኩ በአፖሎ የሎረል አክሊል ጀመርኩ። ወርቅማ የፕላስቲክ ቅጠል ገዛሁና ሄድባንድ ላይ በግሉ ገን ለጠፍኩት። የትያትር ልብስ ነው የመሰለው፤ ቅጠሉም በሁለት ሳምንት ረገፈ። ቀጥሎ በመዳብ ሽቦ ሠራሁ። እሱ ደግሞ አረንጓዴ ሆነ፣ የደንበኛዬንም ፀጉር እየያዘ ነቀለባት። ፀጉሯ ወፍራም ጎፈሬ ነው። ምን ላድርግ? ከየትኛውስ ታሪክ ብጀምር ይሻላል?»

መልስ፦

እህቴ፣ የመርገፉን፣ የአረንጓዴውንና የፀጉር መንቀሉን ነገር አንድ በአንድ እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን «ትያትር መሰለ» ያልሽውን ልያዘው። ትልቁ ችግር እሱ ነውና። ታሪኩን ጌጡ ላይ ለጥፈሽዋል። እኔ የማምነው ጌጡ እንዴት እንደሚታሰር፣ የት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚፈታ ጭምር ታሪኩ ራሱ እንደሚነግረን ነው። በራስሽ ሎረል ላሳይሽ።

አፖሎ ዳፍኔ የምትባል ልጃገረድ ወደደ። እሷ አልፈለገችውም፤ ሮጠች። ሊደርስባት ሲል የወንዝ አምላክ የሆነውን አባቷን ፔኔዎስን አድነኝ አለችው። እዚያው ባለችበት ዛፍ ሆነች። ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ለውጡን በአካሏ ላይ በየተራ እያሳየ ይተርከዋል። ደረቷን ስስ ቅርፊት ያዘው። ፀጉሯ ቅጠል ሆነ። ክንዶቿ ቅርንጫፍ ሆኑ። ያ ፈጣን እግሯ ሥር ሰዶ ቀረ። አፖሎም «ሚስቴ ካልሆንሽ ዛፌ ትሆኛለሽ» ብሎ ቅጠሉን ለራሱ ወሰደው። በጥንት በግሪኳ ዴልፊ በአፖሎ ስም ይደረግ በነበረው ውድድር አሸናፊው የሎረል አክሊል ይደፋ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው ይላል ታሪኩ።

ልብ በይ፤ ፀጉሯ ቅጠል ሆነ ነው የሚለው። እንግዲህ የዳፍኔ ጌጥ ከፀጉር ውስጥ ሲበቅል መታየት አለበት። ሄድባንድ ይህን አያደርግም። ፀጉሩን ለሁለት ይከፍልና ቅጠሉን እንደ አጥር ያቆመዋል። ቅጠሉን ከወርቅ ብትሠሪውም ያው ነው።

ስለዚህ ሄድባንዱን ተዪው። በምትኩ ሰባት ነጠላ ማስያዣ ሥሪ። በዩ ቅርጽ የታጠፈውን ባለ ሁለት እግር ማስያዣ ማለቴ ነው። ሦስቱ ላይ ሦስት ሦስት ቅጠል፣ አራቱ ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል እሰሪ። ትንንሾቹ ግንባር አጠገብ ይሰካሉ፣ ትልልቆቹ ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮና ማጅራት ይሄዳሉ። ቅጠሎቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አይዩ፤ ነፋስ እንደመታቸው ትንሽ ትንሽ ይዘንበሉ። ለባሿ እንደ ፀጉሯ አሠራር ታበዛዋለች ወይም ትቀንሰዋለች። ሰባቱን አንድ ላይ መግዛት ያልቻለችም ሦስቱን ትገዛለች።

አሁን ቅጠሉን እንሥራው። እዚህ ላይ ቀስ በይ፤ የሥራው ልብ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ እውነተኛ ቅጠል ፊትሽ አስቀምጪ። የሎረል ቅጠል ሱፐርማርኬት ውስጥ ደርቆ የሚሸጠው፣ ሾርባና ሥጋ ላይ ጣል የሚደረገው ቅጠል ነው። አንድ እሽግ ግዢና አሥር ያህል ቅጠል ጠረጴዛ ላይ ደርድሪ። ርዝመቱ የወርዱን ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ጠርዙ ትንሽ ይሞገዳል። የመሐሉ ጅማት ወፍራም ነው፤ የጎን ጅማቶቹ ግን ትክክል ፊት ለፊት አይገጣጠሙም። ሁለት ቅጠል አንድ ዓይነት አታገኚም። ከመካከላቸው አራቱን መርጠሽ ግማሽ አድርገሽ ወረቀት ላይ ሣያቸው። ወደ 3.5 ሴንቲሜትር ርዝመት ማለት ነው። አራት የተለያየ ንድፍ ካለሽ የተሠራው ሁሉ ከአንድ ማሽን የወጣ አይመስልም።

ብረቱ 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የናስ ቆርቆሮ ይሁን። ይህ በጠንካራ መቀስ ይቆረጣል። እጅሽ እስኪለምድ ድረስ ናሱን አታባክኚ፤ ባዶ የለስላሳ ጣሳ ቆርጠሽ ተለማመጂ። ጠርዙ ስለታም ነውና ጓንት አድርጊ። ቅጠሉን ስትቆርጪ ከሥሩ 2 ሴንቲሜትር ርዝመትና 3 ሚሊሜትር ወርድ ያለው ጭራ ተዪለት። ይህ ጭራ ነው ማስያዣው ላይ የሚጠቀለለው። ጭራ የሌለው ቅጠል ማስቲሽ ይፈልጋል፤ ማስቲሽ ደግሞ ይከዳሻል።

ከቆረጥሽ በኋላ ጠርዙን ዙሪያውን በጥፍር ሞረድ አለስልሺው። ከዚያ ቅጠሉን አሮጌ የላስቲክ ጫማ ሶል ላይ አስተኝተሽ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ የመሐሉን ጅማት ጫን ብለሽ አስምሪ። ላስቲኩ ይቀበለዋል፣ ብረቱም ይጎደጉዳል። ስትገለብጪው ጅማቱ ከፍ ብሎ ታገኚዋለሽ። የጎን ጅማቶቹን ቀለል ባለ እጅ ጨምሪ። በመጨረሻ በሁለት ጣት ይዘሽ ጫፉን ወደ ታች፣ ጎኖቹን ወደ ላይ በትንሹ እጠፊ። ያ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ እዚያው እጅሽ ላይ ቅጠል ሲሆን ታያለሽ። ናሱ አልታጠፍ ካለሽ በፒንሳ ይዘሽ ምድጃ ነበልባል ላይ ደብዘዝ ያለ ቅላት እስኪያሳይ አግዪው። ቅላቱ ሲጠፋ ውሃ ውስጥ ንከሪው፤ ይለሰልሳል። ስስ ነውና ዓይንሽን ከላዩ አትንቀዪ። የጠቆረውን በሎሚና በጨው አጽጂው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቀሽ በደንብ አድርቂው።

ቀጥሎ ማሰር ነው። የቅጠሉን ጭራ በማስያዣው ጉብታ ላይ ጠቅልዪው። ከዚያ 0.3 ሚሊሜትር በሆነ ስስ ሽቦ ስድስት ሰባት ዙር አጥብቀሽ ጠምጥሚበት። እያንዳንዱ ዙር ከጎኑ ካለው ጋር ይነካካ። ሲያልቅ በፒንሳ ዙሪያውን ተጫኚው። ይህን ካደረግሽ ጠብታ ማስቲሽ አያስፈልግሽም። ግሉ ገን ፀጉር ላይ የማይሆነው ሙቀት ስለሚያለሰልሰው፣ ቅባትም ስለሚያላቅቀው ነው። እኛ ደግሞ ቅቤና ዘይት የምንቀባ ሰዎች ነን። የፕላስቲክ ቅጠልሽ በሁለት ሳምንት የረገፈው በዚህ ነው።

አረንጓዴው የመዳብ ዝገት ነው። መዳብና ናስ ላብና የፀጉር ቅባት ሲያገኙ እንዲህ ይሆናሉ። ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ፀጉር ውስጥ የሚገባው እግር ስቴንለስ ይሁን፤ መዳቡና ናሱ ከላይ የሚታየው ክፍል ብቻ ላይ ይቅር። ሁለተኛ፣ የሚታየውን ክፍል ቅባቱን በአልኮል ጠርገሽ የሚረጭ ግልጽ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ በስሱ እርጪው። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርቢ። ውጭ ወይም መስኮት ከፍተሽ ሥሪ፣ አፍንጫሽን ሸፍኚ። የጥፍር ቀለም ብዙ ሰው ይጠቀማል፤ ሰፊ ቅጠል ላይ ግን እየተላጠ ይነሳል። እኔ የተቆረጠ የሽቦ ጫፍ ለመዝጋት ብቻ ነው የማውለው።

ስስ ሽቦ ለማግኘት አትቸገሪ። የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ዘንድ ሄደሽ በግራም ግዢ። የእነሱ የመዳብ ሽቦ ከፋብሪካ ሲወጣ ስስ ሽፋን አለው፤ ቶሎ አያረንጉድም። የተለያየ ውፍረትም አላቸው። አዲሱን ነው የምትገዢው፤ ከተቃጠለ ሞተር የወጣውን አይደለም። ሽፋኑን በእሳት ላንሳ እንዳትዪ፣ ጭሱ መጥፎ ነው። ርካሹን ብርማ ቅይጥ ብረት በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት። ኒኬል የሚያሳክካቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ሻጩ ምን እንደሆነ ካልነገረሽ ቆዳ የሚነካ ቦታ ላይ አታድርጊው።

አሁን ወደ ተነቀለው ፀጉር። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ በደንብ እንየው።

ብዙ ሠሪ «ወፍራም ፀጉር ያስቸግራል» ይላል። አቴንስ አክሮፖሊስ ላይ በኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ጣራውን በራሳቸው ተሸክመው የቆሙት ስድስት የድንጋይ ሴቶች ፀጉራቸው ምን እንደሚመስል አይተሻል? አምስቱ አሁን በአክሮፖሊስ ሙዚየም፣ አንዷ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ትገኛለች። ከኋላ ሲታዩ ማጅራታቸው ላይ የወረደው ጉንጉን ክንድ ያህላል። ቀራጩ ሆን ብሎ ነው ያወፈረው፤ ቀጭን አንገት ያን ሁሉ ክብደት አይችልምና። የግሪክ ጌጥ ለተጎነጎነ፣ ለጥቅጥቅ ፀጉር ይስማማል። የደንበኛሽ ጎፈሬ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። ጥፋቱ የሽቦው ጫፍ ነው።

ፀጉር የሚያዘው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ ያልተደበቀ የሽቦ ጫፍ ነው። ሌላው ሁለት ብረት ተገናኝቶ ክፍተት የተወበት ስንጥቅ ነው። ጥቅልል ፀጉር ሁለቱንም ፈልጎ ያገኛቸዋል። ስለዚህ የሽቦው ጫፍ ሁሌም ወደ ውጭ፣ ከራስ ቅል በተቃራኒ ወገን ይለቅ። ከቅጠሉ ሥር አስገብተሽ ተጫኚው። ሲያልቅ አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ አምጪና ጌጡን በሁሉም አቅጣጫ ጎትቺበት። ስቶኪንጉን አንድ ቦታ ከያዘው ፀጉርንም ይይዘዋል። ያን ቦታ አስተካክዪና እንደገና ጎትቺ። ይህን ፈተና ያላለፈ ጌጥ ከቤቴ አይወጣም።

ሌላው እግሩ ነው። ቀጥ ያለ እግር ከጎፈሬ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። የእግሩን መሐል በፒንሳ ሁለት ሦስት ቦታ ሞገድ አድርጊው። ርዝመቱ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ይሁን፤ ለለስላሳ ፀጉር የሚሸጠው አጭሩ አይበቃም። አሰካኩንም ለደንበኛሽ አሳያት። ማስያዣው መጀመሪያ ከሚሄድበት በተቃራኒ ገብቶ ትንሽ ፀጉር ይይዛል፤ ከዚያ ይገለበጥና ወደ ራስ ቅሉ ተጠግቶ ወደ ውስጥ ይገፋል። እንዲህ የገባ ማስያዣ ጭፈራም አይጥለውም።

ክብደትም አለ። ሥራውን በጀመርኩበት ጊዜ ለአንዲት ሙሽራ ከ200 ግራም በላይ የሚመዝን አክሊል ሠራሁ። ሲታይ ያምራል። ምሳ ሳይቀርብ አውልቃ ለሚዜዋ ሰጠቻት፤ ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር ወጥቶ ነበር። በሠርጓ ቀን ራሷን አሳመምኳት። ያን ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ሙሉ አክሊል ከ60 ግራም፣ ነጠላ ማስያዣ ከ15 ግራም አያልፍብኝም። የኩሽና ሚዛን ይበቃሻል።

ወደ ታሪኮቹ ልመለስ፤ ከየትኛው ልጀምር ላልሽው።

ለጀማሪ እጅ የምመክረው የሄራክሊስ ቋጠሮ ነው፤ ሄርኩለስ የምንለው ጀግና። የኔሚያን አንበሳ ገድሎ ቆዳውን ለበሰ፤ የፊት እግሮቹን ደረቱ ላይ አሰራቸው። ያ ቋጠሮ በግሪክ ወርቅ ጌጥ ላይ፣ በራስ ማሰሪያም መሐል ላይ ተደጋግሞ ይገኛል። ክፉ ይከላከላል ተብሎ ይታመን ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ቁስል በዚህ ቋጠሮ ቢታሰር ቶሎ ይድናል ብሎ ጽፏል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ግራው በቀኙ ላይ፣ ከዚያ ቀኙ በግራው ላይ። ሁለት ጊዜ በአንድ ወገን ካሰርሽው ይጣመማል፤ ትክክል ከሆነ ግን ሁለት የተቆላለፉ ቀለበቶች ሆኖ ጠፍጥፎ ይተኛል። በቬልቬት ሪባን ወይም ጎን ለጎን በተሰፋ ሦስት የጥጥ ገመድ ሥሪው። ቋጠሮው ግንባር ላይ ወይም ከጆሮ በላይ ይቀመጥ፣ ጫፎቹ ማጅራት ላይ ይታሰሩ። እዚህ ሄድባንድ ትክክል ነው፤ ታሪኩ ራሱ ማሰር ነውና። ሽቦ የለውም፣ ማስቲሽ የለውም። አንድ ምሽት ይበቃዋል።

ለሹሩባ ደግሞ ሜዱሳን የሚያህል የለም። በኦቪድ አተራረክ ሜዱሳ በፀጉሯ ውበት የታወቀች ቆንጆ ነበረች። የባሕር አምላክ ፖሲዶን በአምላኳ በአቴና ቤተ መቅደስ ውስጥ ደፈራት። አቴና ግን እሷን ቀጣች፤ ፀጉሯን እባብ አደረገችው። ይህን ታሪክ ሳነብ ሁሌም ያመኛል። ስለዚህ አፉን የከፈተ አስፈሪ ፊት አልሠራም፤ እሱን ሁሉም ሠርቶታል። እኔ የምሠራው እባቦቹን ነው፣ እያንዳንዷን በአንድ ጉንጉን ላይ። 1.5 ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 18 ሴንቲሜትር ቁረጪ። አንዱን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጠሽ አጠፍጥፊው፤ እሱ ራሷ ነው። ሌላውን በሞረድ አቅጥነሽ አድቦልቡዪው፤ ጭራዋ ነው። ከዚያ እርሳስ ላይ አራት ዙር ጠምጥመሽ አውጪው። ሹሩባው ጫፍ ላይ አስገብታ ወደ ላይ ታወጣዋለች፣ ከዚያ በጣቷ ታጠብቀዋለች። መልኳ እንዲጠቁር ከፈለግሽ ትኩስ የተቀቀለ እንቁላል ፈጭተሽ ከእባቦቹ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዝጊው። ከእንቁላሉ የሚወጣው ድኝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መዳቡን ያጠቁረዋል። ታጥቦ ጀርባዋ ላይ ብቻ በጨርቅ ሲወለወል በጥቁሩ መሐል ቀይ መዳብ ብልጭ ይላል። ለዚህ ግን ተራ፣ ሽፋን የሌለው መዳብ ተጠቀሚ። ሲያልቅ እሱንም ቫርኒሽ እርጪው።

አሁን የእኛ ስም ያለበት ታሪክ። ካሲዮፒያ የኢትዮጵያ ንግሥት፣ የንጉሥ ሴፊየስ ሚስት ናት። ከባሕር ደናግሉ ከኔሬይዶች እበልጣለሁ ብላ በውበቷ ተኩራራች። ፖሲዶን ተቆጥቶ የባሕር አውሬ ሰደደ። ልጇ አንድሮሜዳ ለአውሬው እንድትሰጥ አለት ላይ በሰንሰለት ታሰረች። የሜዱሳን ራስ ቆርጦ ሲመለስ የነበረው ፐርሲየስ አይቷት አውሬውን ገደለ፣ ፈታት፣ አገባት። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጥቅሉ ነው እንጂ የዛሬውን ድንበር አይደለም። አንዳንድ ጥንታውያን ጸሐፊዎችም አለቱን ኢዮጴ ባሕር ዳርቻ፣ በዛሬዋ ያፋ ነው ብለዋል። ስለዚህ ካርድሽ ላይ «የአክሱም ልዕልት» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሆኖም አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ስንት ዘመን ነጭ አድርገው የሣሏትን አንድሮሜዳን ኦቪድ ራሱ በአገሯ መልክ ጠይም ናት ብሏታል። ይህን ግን ጻፊው።

ለአንድሮሜዳ ሁለት የጎን ማበጠሪያ ወስደሽ በቀጭን ሰንሰለት አገናኚያቸው። ሰንሰለቱ ከኋላ እንደ ቅስት ይውረድ። ርዝመቱን በደንበኛሽ ራስ ላይ በክር ለኪ። እንግዲህ ታሪኩ የሚያልቀው ሰንሰለቱ ሲፈታ ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል ቋሚ አታድርጊው፤ ትንሽ መንጠቆ አበጂለት። ለባሿ ስትፈልግ ታስረዋለች፣ ስትፈልግ ፈትታ በአንድ ትከሻዋ ላይ ትለቀዋለች። ደንበኞቼ ይህን መንጠቆ ከሌላው ሁሉ አብልጠው ይወዱታል። ጥቅልል ፀጉር ላይ ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ስለሚይዝ ተራ ሰንሰለት ተዪና በጠንካራ ናይለን ክር የተሰካ ጥቃቅን ጨሌ አድርጊለት።

እናቷን ካሲዮፒያን ደግሞ ፖሲዶን ሰማይ ላይ አስቀመጣት። አምስት ኮከብ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ አመሻሽ፣ ደመና ከሌለ፣ ወደ ሰሜን ብታዪ ታገኛታለሽ። በመጽሐፍ የእንግሊዝኛው ደብልዩ ትመስላለች ይባላል። እኔ ንጉሡ ሠ ናት የምለው፤ ንግሥት ስለሆነች ይስማማታል። ከእኛ ዘንድ ከፍ ስትል የምትታየው ግን ተገልብጣ ነው። ማበጠሪያ ላይ አምስት ነጭ ዶቃ ስትሰፊ ሁለቱን እጥፋት እኩል አታድርጊ፤ ሰማይ ላይ አንደኛው ጠበብና ጠለቅ ያለ፣ ሌላው የተከፈተ ነው። አንደኛዋ የጫፍ ኮከብም ከሌሎቹ ትደበዝዛለች፤ ለእሷ አነስ ያለ ዶቃ ምረጪ። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ኮከብ መሆኑን ያውቀዋል። አምስቱን እኩል ካደረግሽው ግን የዚግዛግ ጥለት ብቻ ይሆናል።

ስለ ቅጠል አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሠሪ የሚሳሳትበት ነው። ሎረልና ወይራ አንድ አይደሉም። የሎረል ቅጠል ግንዱ ላይ አንዱ በቀኝ፣ ቀጥሎ ሌላው ከፍ ብሎ በግራ እየተፈራረቀ ይወጣል። የወይራ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፣ ጠባብም ነው። ሎረል የአፖሎና የዴልፊ ነው። ወይራ የአቴና ነው፤ በጥንቷ ኦሊምፒያ አሸናፊው ይደፋው የነበረው የዱር ወይራ አክሊልም ኮቲኖስ ይባላል። ነሐሴ 1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ ቀነኒሳ በቀለ በ10 ሺህ፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ሜትር ሲያሸንፉ ራሳቸው ላይ የተደፋው ያ ነው። ወይራ ደግሞ እኛም አለን። እንስራና የወተት ዕቃ የምናጥንበት ዛፍ የዚያው የወይራ ዝርያ ወገን ነው። ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ሞዴል አድርጊው። የሜዲትራኒያኑ ቅጠል ከሥሩ ብርማ ነው፤ የእኛው ወደ ቡናማ ያደላል። ስለዚህ ለአቴና ብርማ፣ ለእኛው ወይራ ናስ ከተጠቀምሽ ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ግን አለ። የፍቅር አምላክ የአፍሮዳይት ተክል ሚርቶስ ምን መሰለሽ? አደስ ነው። ገበያ ከአሪቲና ከቄጠማ ጎን የሚሸጠው፣ እናቶቻችን ደቁሰው በቅቤ ለፀጉር የሚያደርጉት አደስ። የግሪክ ሙሽሮች አክሊሉን ይደፉት ነበር። ቅጠሉ ትንሽ፣ ሹል፣ ጥንድ ጥንድ ነው። አበባው ነጭ ባለ አምስት ቅጠል ሆኖ መሐሉ ላይ ቀጫጭን ክሮች እንደ ጮራ ይበተናሉ። አበባውን ከነጭ ሐር ወይም ከስስ ጥጥ ቆርጠሽ ክሮቹን ከነጭ የስፌት ክር አበጂ። የሙሽራ ማስያዣ ከሆነ ከአበባው ጀርባ በትንሽ ጨርቅ የደረቀ አደስ ቋጥሪለት። ፀጉሯ ሲሞቅ ይሸታል። ሽታውን የምታውቅ እናት አጠገቧ ከቆመች ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

የእህል አምላክ ዴሜትርና ወደ ሙታን አገር የተወሰደችው ልጇ ፐርሴፎኔ ላይ ብዙ ሰው ሮማን ያበዛል። አታብዢ። በጥንቱ የዴሜትር መዝሙር ፐርሴፎኔን ከሙታን አገር ጋር ያሰራት አንድ የሮማን ፍሬ ነው። ከናስ ሽቦ በተጎነጎነ የስንዴ ዛላ መሐል አንዲት ቀይ ዶቃ ብቻ ክተቺ፣ ዛላው ሲዞር ብቻ እንድትታይ አድርገሽ።

የአማልክቱን ንጉሥ የዜውስን የባሉጥ አክሊል ለኋላ አቆዪው። እ.ኤ.አ. በ1977 በሰሜን ግሪክ ቬርጊና ውስጥ ማኖሊስ አንድሮኒኮስ ባገኘው የንጉሥ መቃብር፣ የታላቁ እስክንድር አባት የዳግማዊ ፊሊጶስ ነው በሚባለው፣ የወርቅ አክሊል ነበር። 313 ቅጠልና 68 የባሉጥ ፍሬ አለው። ፎቶውን ፈልገሽ አጉልተሽ እዪው። አክሊል መሥራት ሲያምርሽ መጀመሪያ ሃምሳ ቅጠል ጨርሺ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ዋጋን በተመለከተ ሰዓትሽን ቁጠሪ። አንድ የዳፍኔ ቅጠል ከቆረጣ እስከ ቫርኒሽ እኔን ሩብ ሰዓት ይወስድብኛል፤ ሰባቱ ማስያዣ 17 ቅጠል አለው። ከአራት ሰዓት በላይ ማለት ነው። በማሽን የተሠራውን ጌጥ ዋጋ አትከተዪ። ከእያንዳንዱ ጌጥ ጋር ታሪኩን በሦስት አራት መስመር በአማርኛ ጽፈሽ በካርድ ስጪ። ታሪኮቹ የማንም አይደሉም፤ የሌላ ሠሪ ንድፍ ግን የእሱ ነው፣ ከኢንተርኔት አትገልብጪ።

ለጊዜው ግን የሄራክሊስን ቋጠሮ አንድ ምሽት ሥሪ፣ ለእጅሽ። ቀጥለሽ ሦስት የዳፍኔ ማስያዣ ብቻ ጨርሺ። ስቶኪንጉ ላይ ፈትሻቸው። ከዚያ ፀጉሯ ለተነቀለባት ደንበኛሽ ደውዪላት። በነጻ ስጫት። መጀመሪያ የቱ ጋ እንዳመማት ጠይቂያት፣ አንዱን ማስያዣ እዚያው ቦታ ላይ ራስሽ ሰክተሽ ሁለት ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡ። ስታወጪው እግሩን በብርሃን እዪው። አንዲት ፀጉር እንኳ ይዞ ከወጣ የያዘበትን ቦታ ምልክት አድርጊና ወደ ጠረጴዛሽ ተመለሺ።